ባሻ ገሠሠ ነፍሰ ጡር ሚስታቸውን እንዴት እንደ ደገፉ

በአዳማ ኬላ ላይ የሚሾም ሰው እግዚአብሔር ለሌላው ሕዝብ ያልሰጠው ዓይን ሊኖረው ይገባል። ባሻ ገሠሠ ይህ ዓይን ነበራቸው። ነበራቸው የምንለው ከራሳቸው አፍ ሰምተን ነው፤ ከእርሳቸው የተሻለ ምስክር ደግሞ ከየት ይመጣል? አህያ በኬላው ፊት ስታልፍ አረማመዷን ብቻ አይተው ከጤፉ ሥር አሞሌ ጨው መደበቁን ያውቃሉ። ግመል ነጂ ሲስል ሰምተው በጭነቱ ውስጥ ያልተቀረጠ ቡና መኖሩን ይናገራሉ። «ከገሠሠ ዓይን የሚሰወር ነገር ገና አልተፈጠረም» ይሉ ነበር። ኬላ ጠባቂው ኢተፋም «ኤዬ ጎፍታ ኮ፣ አዎ ጌታዬ፣ አልተፈጠረም» እያለ ይመሰክር ነበር፤ ቀለቡ ከእርሳቸው ጓዳ ነበርና።

አዳማ በዚያ ዘመን የባቡር ጣቢያ፣ ጥቂት ቆርቆሮ፣ ብዙ ግመልና የማያልቅ አቧራ ነበረች። በዚህች ታላቅ ከተማ ባሻ ከጣቢያው ፊት ለፊት የጭቃ ቤት ሠሩና ከቡልጋ ወይዘሮ ዘውድነሽን አግብተው አመጡ። ዘውድነሽ ረጋ ያለች፣ ነገር ቶሎ የሚገባት፣ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ መደበቅ የምታውቅ ሴት ነበረች። ከአባቷ ቤት ስትወጣ እናቷ ጥግ ይዘው እንዲህ ብለዋት ነበር፦ «ልጄ፣ ቅሪት የሆንሽ፣ ያረገዝሽ እንደሆነ በራስሽ አፍ ለባልሽ እንዳትናገሪ፤ ነውር ነው። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ክፉ ዓይንም ይሰማል። ባልሽ ዓይን ካለው ያያል። ዓይን ከሌለው ጎረቤት ያለች ባልቴት ትነግረዋለች።»

መልካም ሥርዓት ነው። ስንት ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ ባሻ ገሠሠን አስቦ የወጣ አልነበረም። ባሻ ገና ቤቱ ሲመረቅ ባልቴት ከደጃቸው ዝር እንዳትል አዋጅ አስነግረው ነበር። «ወሬ ያልተቀረጠ ዕቃ ነው፤ በእኔ በር አያልፍም» አሉ። ስለዚህ የጎረቤታቸው የአቶ ገርባ ሚስት ወይዘሮ ሽታዬ፣ የከተማይቱን ግማሽ ሕፃን በእጃቸው የተቀበሉት ሴት፣ ከዘውድነሽ ጋር የሚጫወቱት ከአጥር ማዶ አንገታቸውን አስግገው ነበር። የቀረው ተስፋ የባሻ ዓይን ብቻ ሆነ።

ክረምቱ ሲጋመስ ዘውድነሽ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ይጥላት ጀመር። ምሳ አቅርባ ባሻ የቀረጥን ደንብ ሊያስረዷት ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ ከ«አንደኛ» ወደ «ሁለተኛ» ሳይሻገሩ ዓይኗ ይከደናል። ባሻ ነገሩን መረመሩት። «ቆላው ነው» ብለው ፈረዱ። «ደገኛ ቆላ ሲወርድ ደሙ ይቀጥናል።» የገዛ ንግግራቸው ሰው ሊያስተኛ እንደሚችል ማሰብ ደግሞ ለሹም የሚገባ ሐሳብ አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው ምልክት ከዚህም የጎላ ነበር። ዘውድነሽ እንደ ማንኛዋም ክርስቲያን ሴት በየወሩ ቤተ ክርስቲያን የማትገባባቸው ቀኖች ነበሯት፤ እነዚያን ቀኖች ከደጅ ቆማ ተሳልማ ትመለስ ነበር። አሁን ግን አንድም ቀን ከደጅ መቅረት ተወች። እሑዱ አለፈ፣ ወሩ አለፈ፣ ሌላው ወር ተጋመሰ፤ ዘውድነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ትገባለች። ሌላ ባል ቢሆን በልቡ አስልቶ፣ ለብቻው ፈገግ ብሎ፣ ማታውኑ ለሚስቱ የሚጣፍጥ ነገር ይዞ ይገባ ነበር። ባሻ ገሠሠ ወደ ኬላው ሄደው ለጨርቅ ነጋዴው ለኑሬ አበሠሩ።

«ኑሬ፣ ሚስቴ ቅድስት ሆናለች።»

«ማሻ አላህ። እንዴት ሆና ባሻ?»

«ድሮ አልፎ አልፎ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ትቀር ነበር። ይኸው ሁለተኛ ወሯን ይዛ አንድም ቀን አልቀረችም!»

ኑሬ የብዙ ልጆች አባት ነው። ይለካው የነበረውን አቡጀዲ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ነገር ግን ወንድ ስለ ሌላ ወንድ ሚስት ማኅፀን አያወራም፤ ነጋዴ ለኬላ ሹም ደግሞ ጨርሶ አያወራም።

«እንግዲህ» አለ ጢሙን እየዳሰሰ፣ «ይህ ቅድስና ጊዜው ሲደርስ ፍሬ ያፈራል።»

«ምን ጥርጥር አለው፣ በሰማይ ቤት!»

«ከዚያ ቀደም ብሎም ይሆናል፣ ባሻ።»

«አይ ኑሬ፣ የእኛን ሃይማኖት አታውቀውም» ብለው ባሻ አዘኑለት።

ከዚያ ደግሞ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ መቦርቦር ጀመረ። ዝናብ ያራሰው የጭቃ ሽታ ሲመጣባት ዘውድነሽ ምራቋ አፏን ይሞላዋል፤ ቢጨንቃት በጥፍሯ ፍቃ ትቀምስለት ነበር። ባሻ ቡርቡሩን ሲያዩ ቁጣቸው ነደደ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! የተናቅሁት እኔ ነኝ?» አሉና ኢተፋን ጠብመንጃ አስይዘው ከግድግዳው ውጭ አቆሙት። ኢተፋ ጆሮውን ለጥፎ ሲጠብቅ ውሎ ሪፖርቱን አቀረበ።

«ጎፍታ ኮ፣ ሌባው ከውስጥ ነው።»

«ምን ሰረቀ?»

«ግድግዳውን።»

«ግድግዳ ምን ያደርግለታል?»

«ይበላዋል፣ ጎፍታ።» ኢተፋ ይህን ሲል መሬት መሬት ያይ ነበር፤ ሚስቱ ቡዜ የመጀመሪያዋን ልጅ ስታረግዝ ምድጃውን ልትጨርስበት ነበርና ሌባውን ያውቀዋል።

ባሻ ጥቂት አሰቡ። «አይጥ ነው!» አሉ በመጨረሻ፣ ምሥጢር እንደ ፈታ ሰው ጭናቸውን መትተው። በዚያው ዕለት ድመት ወደ ቤቱ ገባች፤ ሥራ ስላልነበራት ዘውድነሽ እግር ሥር ተኝታ ወፈረች።

መስከረም ሲጠባ ጠዋት ጠዋት ማስመለስ መጣ። ባሻ ፀጉራቸውን በአሪቲ የታሸ ቅቤ ተቀብተው፣ ለሥራ አምረውና ተኩነስንሰው ብቅ ሲሉ ዘውድነሽ አፏን ይዛ ወደ ጓሮ ትሮጣለች። ሌላ ሰው ይህን ቢያይ በሚስቱ ሆድ ያለውን ባያውቅ እንኳ ቅቤውን ይቀንስ ነበር። ባሻ ግን የራሳቸውን ሽታ ከምርመራው ውጭ አድርገው የቀረውን ሁሉ በአንድ ላይ አቆሙት። ትተኛለች፣ ምራቅ ይሞላታል፣ ታስመልሳለች፣ የወደደችውን ወጥ ትጠላለች። ኢተፋንና ኑሬን ኬላው ጥላ ሥር አስቀምጠው ፍርዱን አነበቡ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ከሥሩ መርምሬዋለሁ። ኮሶ ታይቶባታል። በሆዷ ውስጥ አንድ ነፍስ ያለው ነገር አለ፤ እየበላ የሚያድግ!»

«ይህስ እውነት ነው» አለ ኑሬ ሳያመልጠው።

«እንግዲያው ኮሶውን እጥፍ አድርጌ አስወቅጥና በመጪው እሑድ ማግሥት በባዶ ሆዷ ትጠጣለች። ያለው ነገር ይወጣል!»

ኑሬና ኢተፋ ተያዩ። እዚህ ላይ ሣቁ ትንሽ ይቆማል። ኮሶ ፅንስ እንደሚያስወርድ የማታውቅ ሴት በአገሩ የለችም፤ እጥፍ የሆነ ኮሶ ደግሞ እናቲቱንም ይዞ ይሄዳል። ኢተፋ ለቡዜ ነገራት፣ ቡዜ ለወይዘሮ ሽታዬ ነገረች፣ ወይዘሮ ሽታዬ በሥርዓቱ የባልቴቷ ተራ ደርሷል ብለው ነጠላቸውን አደግድገው በአዋጅ ወደ ተከለከለው ደጅ መጡ።

«ባሻ፣ ዘውድነሽ ኮሶ አትጠጣም።»

«ለምን አትጠጣም?»

«አትጠጣማ! እስቲ ይውጡና ረጋ ብለው ይስሙኝ። ልጅቱ እኮ...»

«ወሬ!» አሉ ባሻ። «ይኸው መጣ! ኢተፋ፣ በሩን ዝጋ!»

በሩ ተዘጋ። በር የሚዘጋባቸው ሰው ሳያጡ፣ የሚሰማቸው ሰው ያጡት ወይዘሮ ሽታዬ ከደጁ ቆመው አለቀሱ። ዘውድነሽ ከጓዳ ሆና ሁሉን ሰምታለች። ባሏን ትወደዋለች፤ ይህን እኛም መካድ አንችልም። ክፉ ሰው እንዳልሆነም ታውቃለች። ግን በዚያች ቀን ከክፉ ሰው ይልቅ አዋቂ ነኝ የሚል ሰው አስፈራት።

ሰኞ ሲነጋ ኮሶው በሁለት ዋንጫ ተሞልቶ ቀረበ፤ አንዱ ለበሽተኛዋ፣ አንዱ ምናልባት የመጀመሪያው ካልበቃ። ኢተፋ እንዲያግዝ ተጠርቶ በሩ ሥር ቆሟል። ዘውድነሽ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ባሏ ከመፎከር የበለጠ የሚወደው ነገር የለም።

«ጌታዬ፣ እኔ ፈሪ ነኝ» አለች አንገቷን ደፍታ። «እርስዎ ጠጥተው ቢያሳዩኝ ወኔ አገኝ ነበር።»

የቱ ጀግና ነው ይህን ተለምኖ እምቢ የሚል? «ምን አላት ይቺ!» አሉ ባሻ። ዋንጫውን አነሡ፣ ስለ አባቶቻቸው ጥንካሬ አጠር ያለ ዲስኩር አደረጉ፣ በአንድ ትንፋሽም ጨለጡት። «አየሽ? ምንም የ...»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር ማተት ለሹመታቸው አይመጥንም። ወደ ጓሮ ወጡ፣ ተመለሱ፣ ደግመው ወጡ፤ በመጨረሻም መመለሱን ትተው እዚያው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ዘውድነሽ ግንባራቸውን ያዘች፣ ውሃ አቀረበች፣ ጀርባቸውን አሻሸች። በቤቱ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ለምታስመልሰው ሴት ይህ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ እንዳልተደረገላት ያስተዋለ ቢኖር ድመቷ ብቻ ነች። ባሻ ግን ሕግ ሕግ ነውና፣ ዓይናቸው ተገልብጦ ሳለ እንኳ ሁለተኛውን ዋንጫ አልረሱም።

«ያንቺን... ጠጪ» አሉ እያቃሰቱ። «ኢተፋ! አጠጣት!»

ኢተፋ ዋንጫውን አነሣ። ዘውድነሽን አያት፣ ዋንጫውን አየ፣ መልሶ ከነበረበት አስቀመጠው።

«ጎፍታ ኮ፣ እጄ እምቢ አለ።»

«ታዛዥ አይደለህም?»

«እኔ ታዛዥ ነኝ። እጄ ነው።»

ዘውድነሽ ብድግ አለች። ዋንጫውን አንሥታ ኮሶውን መሬት ላይ አፈሰሰችው፤ ከእናቷም ምክር ጋር አብራ አፈሰሰችው።

«ልጅዎ ኮሶ አይወድም» አለች።

«የትኛው ልጅ?»

«ይህ ነዋ» ብላ እጇን ከሆዷ ላይ አኖረች።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላል ያገራችን ተረት፤ በባሻ ቤት ኮሶ አወጣው። ባሻ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ባዶውን ዋንጫ አዩት፣ ሚስታቸውን አዩ፣ አንድ ቃል መናገር አቃታቸው። በዚያ እርግዝና ውስጥ ለሚስታቸው ካደረጉላት ነገር ሁሉ የሚበልጠው ይህ ዝምታ ነበር። ያለመታደል ሆኖ ብዙ አልቆየም።

«አውቄ ነበር» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «መቼ እንደምትነግሪኝ ልፈትንሽ ብዬ ነው።»

«ኮሶውስ?»

«እሱም ፈተና ነው።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ አዳማ ስለ እርግዝና ምልክቶች የሚያስተምር ሊቅ አገኘች። ባሻ በገበያ ቀን ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ቆመው «ባሎች ሆይ! ሚስታችሁ ብትተኛ፣ ብታስመልስ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ መቅረት ብትተው ልብ በሉ! እኔ በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት!» ይሉ ነበር። ሰሚው አፉን በጋቢው ይሸፍናል። ኑሬ ብቻ «እውነት ነው፣ ለእኔም ነግረውኝ ነበር» እያለ ይመሰክርላቸው ነበር፤ እንዳልዋሸም እናውቃለን።

ድጋፉም ቀጠለ፤ እንዲያውም ኬላው ተዘግቶ ቀጠለ። ባሻ ከዘውድነሽ ራስጌ በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡ። ስትነሣ «ወዴት?» ስትቀመጥ «ምን ሆንሽ?» ስትተኛ ደግሞ «ነቅተሻል?» ይሏታል። እንዳትራመድ ከለከሏት፣ እንዳትስቅ ከለከሏት፣ ቅቤ በማንኪያ እያጎረሱ አስዋጧት። ባቡሩ በቤታቸው አጠገብ ሲያልፍ ፊሽካ እንዳይነፋ ለጣቢያው ፈረንጅ በአስተርጓሚ አሳሰቡ፤ ፈረንጁም ነገሩን በትሕትና ሰምቶ ከዚያ በፊት ከሚያስነፋው አስረዝሞ አስነፋ። ዘውድነሽ ከሳች፣ ማስመለሱም ባሰባት። «ከኮሶው የተረፈችው ልጅ በድጋፍ ልትሞትብኝ ነው» እያሉ ወይዘሮ ሽታዬ ከአጥር ማዶ ይብከነከኑ ነበር።

አንድ ቀን ባሻ ጎንበስ ብለው ጠየቋት። «ዘውዴ፣ ምን አማረሽ? እርጉዝ ያማራትን ካጣች በልጁ ገላ ላይ ምልክት ይወጣል። ከጅቡቲም ቢሆን አስመጣለሁ!»

ዘውድነሽ ወደ አጥሩ ተመለከተች። ከአጥሩ በላይ የወይዘሮ ሽታዬ ዓይኖች ነበሩ፤ አንደኛው ጠቀሳት።

«የዝዋይ ዓሣ» አለች።

«ዓሣ? የቡልጋ ልጅ ዓሣ የት ታውቂና?»

«አላውቅም። ለዚህ አይደል ያማረኝ!»

ክርክሩ የሚረታ አልነበረም። «እንግዲያው ኢተፋን አሁኑኑ እልካለሁ!»

«በሰው እጅ የመጣ አምሮት አይሽርም ይላሉ፣ ጌታዬ። የልጁ አባት በራሱ እጅ መርጦ ያመጣው እንደሆነ ነው እንጂ።»

ባሻ ገሠሠ በቅሏቸውን አስጭነው በመቂ በኩል ወደ ዝዋይ ወረዱ። ከተማው በእልልታ ሸኛቸው፤ እንዲያ ያለ ልባዊ እልልታ ከዚያ ቀደም ለሹም ተደርጎ አያውቅም። በሩ ተከፈተ። ቡዜ ውሃውን ቀዳች፣ እንጨቱን ተሸከመች። ወይዘሮ ሽታዬ ጠዋት ዘውድነሽ ከአልጋዋ ሳትነሣ ደረቅ የገብስ ቂጣ ጥቂት ጥቂት እያስቆረጠሙ ሆዷን አረጉላት። ስትተኛ ተዋት፣ ስትነቃ አጫወቷት፣ ስትፈራ እጇን ያዟት። በቤቱ የቅቤው ሽታ ጠፋ፤ ማስመለሱም አብሮት ጠፋ። ጉንጯ መለስ አለ።

ባሻ ከብዙ መንገድ በኋላ ተመለሱ። መምጣታቸውን ያወጀ ሰው አላስፈለገም፤ ዓሣው በነፋስ ቀድሟቸው ገብቶ ነበር። ዘውድነሽ አፍንጫዋን ይዛ ከበሩ ተቀበለቻቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። ግን ያማረኝ ዛሬ የተያዘውን ነው።»

«ከዝዋይ አዳማ በአንድ ቀን ይደረሳል እንዴ?»

«እኔማ ምን አውቄ። ልጅዎ ነው እንጂ።»

ባሻ ዓሣውን ቀበሩና በቅሏቸውን መለሱ። በሁለተኛው ጉዞ ያመጡት ትንሽ አነሰ፤ በሦስተኛው አጥንቱ በዛ፤ ከዚያ በኋላ ዓሣው ፊቱ አላማራትም። እንዲህ እየተመላለሱ ሳለ፣ በፋሲካ ማግሥት፣ ዘውድነሽ በወይዘሮ ሽታዬ እጅ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ባሻ ደርሰው ሕፃኑን አገላብጠው አዩት። አንዲት ምልክት የለበትም። «ዓሣው!» አሉ እያለቀሱ። ዘውድነሽም አዘነችላቸው፤ ደስ ብሏት ስለ ነበር ግንባራቸውን ሳመቻቸው።

«ዓሣው ነው፣ ጌታዬ» አለች።

ስለዚህ የባሻ ትምህርት ተሻሻለ። ከዚያው ድንጋይ ላይ ቆመው «እንቅልፉም፣ ማስመለሱም ያሳስታል! ዋናው የእርግዝና ምልክት የዝዋይ ዓሣ ማማር ነው!» እያሉ አስተማሩ። ይህን ትምህርት ደግሞ ከባሎቹ ይልቅ ሚስቶቹ በጥሞና ሰሙት። በተከታዩ ክረምት በአዳማ ያረገዘችም ልታረግዝ ያሰበችም ሁሉ ዓሣ አማራት። የኑሬ ሚስት አማራት፤ ኑሬ ሱቁን ዘግቶ ወረደ። ቡዜ አማራት፤ ኢተፋ ጠብመንጃውን ይዞ ወረደ። የዝዋይ መንገድ በባል ተሞላ።

አንድ ማለዳ ባሻ በአጥራቸው ላይ ቢመለከቱ አቶ ገርባ፣ ያ የሰባ ዓመት ሽማግሌ፣ እየቃተቱ የበቅሏቸውን ቀበቶ ያጠብቃሉ።

«አቶ ገርባ፣ ወዴት ነው?»

«ዝዋይ።»

«ለማን?»

«ለሽታዬ። ሌሊቱን ስታቃስት አደረች። ዓሣ አማረኝ አለች።»

ባሻ ገሠሠ ቆባቸውን አወለቁ፣ ወደ ሰማይም አዩ። «የአብርሃምን ሚስት ሣራን ያሰበ አምላክ!» አሉ። «ይፍጠኑ እንጂ አቶ ገርባ፣ ምን ያቆምዎታል!»

ሽማግሌው ደረታቸውን ነፍተው ወጡ። ወይዘሮ ሽታዬም በቅሎዋ ከዓይን እስክትሰወር በትዕግሥት ጠበቁ፤ ከዚያ በሩን ዘጉና ጋደም አሉ።